በእሁድ የሚጀምር ወር

ምንም የማያውቅ ሰው እንቅልፉን ይተኛል። ሁሉን የሚያውቅም ይተኛል ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም። መከራው ያለው ግማሹን ያወቀው ሰው ላይ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል አባቶች፤ እኔ ግን ጠምጥሜ ነው የጀመርኩት፣ ስለዚህ ብትታገሡኝ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ሥራዬ በባቡሩ ላይ ዕቃ መጠበቅ ነበር። ከአዳማ ተነሥቼ አዋሽ እወርዳለሁ፣ አዋሽ አድሬ በማግሥቱ እመለሳለሁ። ፉርጎዬ ውስጥ ቆዳ አለ፣ ቡና አለ፣ ጨው አለ፣ እግራቸውን የታሰሩ ዶሮዎች አሉ። አንዳንድ ጊዜም ከመጠጥ ብዛት መቀመጥ ያቃተው መንገደኛ አብሮ ይጫናል። ቤቴ ከጣቢያው ብዙ አይርቅም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሚስቴ አስካለ አለች።

አስካለ የቢሾፍቱ ልጅ ናት፣ በሰማንያ ነው ያገባኋት። ወሬ አታበዛም፤ አንድ ነገር ስትናገር ግን መልስ አይገኝለትም። እወዳት ነበር። ይህን አሁን ለእናንተ መናገር አልከበደኝም፤ ያኔ ለእሷ መንገር ነው የከበደኝ። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ልጅ አልመጣም። ጠበሉን ጠጣን፣ ስለቱን ተሳልን። ሶደሬ ፍልውሃ ወስጃት ሁለት ሳምንት ሰነበትን፤ ከዚያ ይዘን የተመለስነው የእኔን የተላጠ ተረከዝ ነው።

እናቴ በየሳምንቱ እየመጣች «ይሄ ቤት ጭር አለ» ትላለች። እሷ ካለች ቤቱ ጭር የሚልበት ደቂቃ የለም፣ ግን ማን ይነግራታል። አንድ ቀን አስካለ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቃ ቁርጡን ነገረችኝ።

«እስከሚመጣው ዓመት ፋሲካ እጠብቃለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲያ ወይ ልጅ፣ ወይ ሌላ ሚስት። ዘርህ ሲጠፋ ቆሜ አላይም።»

እኔም እሺ አልኳት። ለእናቴ እሺ ማለት ልማዴ ነው፣ ከዚያ ስሸሽ መኖር ነው። በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ነው ፈረንጁ ሐኪም የመጣው።

ለጃንሆይ የንግሥ በዓል ከመጡት ፈረንጆች አንዱ ነው፤ በዓሉ አልፎ ወደ አገሩ ሊመለስ አንድ ሣጥን አስጫነኝ። ሣጥኑ ላይ በፈረንጅ ፊደል የሆነ ነገር ተጽፏል። «ከፀሐይ ጠብቁት» ማለት ኖሯል፤ እኔ የባለቤቱ ስም መስሎኝ ቆርቆሮው በሚግልበት በኩል አስቀመጥኩት። የመተሐራን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዋሽ ደርሰን ሐኪሙ ሣጥኑን ሲከፍት በሰም የተሠራ፣ ሁለት ቀንድ ያለው የበግ ራስ የሚመስል ነገር አንዱ ቀንዱ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ አብሮት የሚሄደውን ተርጓሚ ጠየቅሁት። ተርጓሚው የድሬዳዋ ሰው ነው፣ ጫቱን በጉንጩ ይዞ ወደ ጣሪያው እያየ መለሰልኝ።

«የሴት ማኅፀን ነው ይላል። ለተማሪዎቹ ማሳያ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሙ ግን ደግ ሰው ኖሮ አልተቆጣም፤ ፋኖስ አስመጥቶ ሰሙን እያሞቀ ሲያቃና እኔ እንድይዝለት አደረገ። የሰው ልጅ ከየት እንደሚመጣ የተማርኩት እንግዲህ የሰም ማኅፀን ታቅፌ ነው። ከቀንዱ ጫፍ አንዲት ነጭ ዶቃ ወድቃ በጉልበታችን እየዳኽን ስንፈልግ ቆየን፤ ያገኘኋትም እኔ ነኝ።

«እሷ እንቁላሏ ናት» አለኝ ተርጓሚው። «እውነተኛዋ ግን ከዚህ በጣም ታንሳለች። አንዲት የጤፍ ፍሬ አሥር ቦታ ብትከፈል አንዷን ታህላለች ይላል።»

«ሴት እንቁላል አላት?»

«አላት ይላል። ስትወለድ ይዛ ነው የምትወለደው። በወር አንዷ ትወጣና በዚህች ቀጭን መንገድ ትሄዳለች። የወንዱ ዘር መንገድ ላይ ካገኛት ልጅ ይሆናል፤ ካላገኛት እዚያው ትቀራለች።»

«እስከ መቼ ትጠብቃለች?»

ተርጓሚው ጠየቀልኝ። «አንድ ቀን» አለ ሐኪሙ ጣቱን አንሥቶ። ይህንን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። በባቡር እየኖርኩ ስድስት ዓመት ሙሉ ባቡር ያመለጠኝ ሰው ነኝ ማለት ነው።

ሐኪሙ ጭንቀቴን አይቶ ነው መሰለኝ ደኅና አድርጎ አስረዳኝ። ደም ከታየበት ቀን አንድ ብዬ ልቁጠር፤ ወሯ ሃያ ስምንት ቀን ከሆነ እንቁላሏ በዐሥራ አራተኛው ቀን ግድም ትወጣለች። ሴት ሁሉ ግን አንድ ስላልሆነች ሚስቴን ልጠይቃት። ደግሞም ምክንያቱ ወንዱ ሊሆን ስለሚችል እሱም ቢታይ መልካም ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ተርጓሚው ከራሱ የጨመራት መስሎኝ አለፍኳት።

እስቲ ፍረዱኝ፣ ሚስቴን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? በዘመናችን ባል እንዲህ ያለውን ነገር አይጠይቅም፤ ሚስትም አትናገርም። ግን ብልህ ነኝ ባይ ስለነበርኩ መላ አላጣሁም። ሴት በዚያ ጊዜዋ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አትገባም፣ ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። ስለዚህ እሁድ እሁድ አስካለ የት እንደቆመች ማየት ነው። ከዛፉ ሥር ካየኋት ያን ዕለት አንድ ብዬ እጀምራለሁ። ማንም ሳያፍር፣ ማንም ሳይጠየቅ ነገሩ አለቀ። በብልሃቴ እጅግ ተደሰትኩ።

መጀመሪያ ያየኋት እሁድ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ነጠላዋን አጣፍታ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ውስጥ የክርስትና ሕፃን ይጮኻል፣ ካህኑ በዜማ ያነባል፤ እኔ ቆሜ በጣቴ እቆጥራለሁ። በማግሥቱ ፉርጎዬ ግድግዳ ላይ በጠመኔ መስመር ማስመር ጀመርኩ። ከሳምንት በኋላ የጣቢያው ሹም መስመሩን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ፤ የጎደለ ጨው የምደብቅ መስሎት ነው።

«ጾም ነው የምቆጥረው፣ ጌታዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቢያው ውስጥ መነኩሴ የሚል ስም ወጣልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። የሚስቴ ወር ሁልጊዜ እሁድ ነበር የሚጀምረው። አንዱ በሦስት ሳምንት ይመጣል፣ ሌላው በአምስት፤ ግን አንድም ጊዜ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሆኖ አያውቅም። እኔ እንዳልኳችሁ የማየው እሁድ ብቻ ነው። ይህን ግን በዚያን ጊዜ ማን ያስብ፤ ጨዋ ስለሆነች ነው፣ አካሏ እንኳ ሰንበት ያከብራል ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። ከዚህ በላይ ሞኝ ካያችሁ ላኩልኝ፣ ጓደኛ አጥቻለሁ።

ከእሁድ ጀምራችሁ ብትቆጥሩ ዐሥራ አራተኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ይውላል። ስለዚህ የተቆጠረባት ቅዳሜ ስትመጣ ቤቴ መገኘት አለብኝ። አህመድ የሚባል የወሎ ሰው አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ እሱ ዓርብ ለስግደት ከተማ መዋል ይፈልጋል፣ እኔ ቅዳሜ ማታ ቤቴን። ተራ እየተለዋወጥን ተስማማን። ከዚያች ቅዳሜ ውጪ ያለውን ቀን ሁሉ ደግሞ እንደ ጾም ቆጠርኩት። ኃይሌን ለቀኑ ማጠራቀሜ ነበር። ቀኑ ሳይሆን ቤት ከመዋል ብዬ ያህመድን የአዋሽ ጉዞ ሳይቀር እወስድለታለሁ።

«አንተ፣ ከሚስትህ ተጣላህ እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ከሚስቴማ ያሁኑን ያህል ተስማምተን አናውቅም» አልኩት። እኔ የማወራው ስለ ቁጥሩ ነበር።

ነገሩ ሲገፋ ዐቢይ ጾም ገባና ቅዳሜዬ ጾሙ መሃል ላይ ዋለች። ጨነቀኝ። እናቴ የቀጠረችው ፋሲካ እየመጣ ነው፣ እንቁላሏ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ነው የምትጠብቀው። ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። አባ ገብሬ ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸውም ደከም ብሏል፤ የደብሩ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባቴ» አልኩ ጎንበስ ብዬ፣ «የፊታችን ቅዳሜ የባለቤቴ እንቁላል ትወጣለችና እንዲፈቅዱልኝ ነው።»

«እንቁላል በሁዳዴ?» አሉ፣ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «ልጄ፣ እሷ ብትወጣስ አንተ ምን አስቸኮለህ? ለፋሲካ አስቀምጧት።»

«አትቀመጥም አባቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የምትቆየው።»

«እንግዲያስ ለጎረቤት ስጧት» አሉኝ።

በዚያ ሲያልፉ የነበሩት ሴቶች ምን እንደሰሙ አላውቅም፤ እኔ ግን ጉልበታቸውን ስሜ ሮጥኩ።

ፋሲካ መጣ፣ እናቴ መጣች፣ ልጅ አልመጣም። «አንድ ክረምት ጨምሪልኝ» ብዬ ለመንኳት። ከባቡር አለቃ ቀጠሮ የማራዘም ያህል ከበደኝ፤ ያም ሆኖ ጨመረችልኝ። በክረምቱ መጨረሻ የቀረችኝ አንዲት ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

በዚያች ቅዳሜ ከአዋሽ ስንመለስ ከወለንጪቲ ወዲህ ጎርፍ ሐዲዱ ላይ ድንጋይ ቆልሎ ባቡሩ ቆመ። እስኪጠረግ ነገ ጠዋት ይሆናል ተባለ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፈለገ፤ እኔ ግን ዕቃውን ለአንድ የቆዳ ነጋዴ አደራ ብዬ በእግሬ መንገድ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት እንደሄድኩ ሐዲድ የሚጠግኑ ሰዎች በእጅ የሚገፏትን ጋሪ ይዘው ወደ አዳማ ሲመለሱ አገኘኋቸው።

«ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

«ቤቴ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አልኩ። የታመመ ያለብኝ መሰላቸው፤ አዝነው አሳፈሩኝ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ አብሬያቸው ገፋሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ያ ቆዳ ነጋዴ ደክሞት ሲተኛ ዶሮዎቹ ተፈትተው በመስኩ ተበተኑ፣ እኔም በኋላ ሁለት ሳምንት ከሥራ ታግጄ ተቀጣሁ። ያ ግን ቀላሉ ነው።

ገና ፀሐይ ሳትገባ ቤቴ ደረስኩ፣ የጋሪው ግራሶና ላብ ሆኜ። አስካለ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ገርጥቷል። እጇን ያዝኳት። ቀስ ብላ አስለቀቀችኝና ወደ መሬት እያየች «ዛሬ አይሆንም» አለች። «በጊዜዬ ላይ ነኝ።»

በዚህች ሰዓት፣ እናንተ፣ ማንም ደኅና ሰው ቢሆን ቁጥሬ ተሳስቷል ይል ነበር። እኔ ሚስቴ ዋሸችኝ አልኩ።

«ዛሬ ልትሆኚ አትችዪም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴት አልችልም?»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ምኑን ታውቃለህ?»

ምኑን እንደማውቅ መናገር አፈርኩ። ስለ ሰሙ ማኅፀን፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ጠመኔው መስመር ብነግራት ነገሩ እዚያው ይፈታ ነበር። ምናልባት ስቀን እናድር ነበር። እኔ ግን ወጥቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳስብ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ፤ ልጅ እንዳይመጣ የምትሸሸው እሷ ናት፣ ያውም ቀኑን ጠብቃ። ሐኪም ያስተማረኝ፣ በመስመር የያዝኩት፣ እንዴት ይሳሳታል? ልጅ ባጣሁ ጊዜ አዝኜ ነበር እንጂ አስካለን ጠልቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ቁጥሩን ከእሷ አብልጬ አመንኩ።

ወሩ ሳይሞላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምን በደለችህ?» አሉኝ።

«ሰባት ዓመት አልፎ ልጅ የለንም።»

«ልጄ፣ ሣራ ስንት ዓመት ቆየች?»

«ሣራ ባሏን አልሸሸችም» አልኩ።

አስካለ አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። የጠላ ሰው አስተያየት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያልገባው ሰው እንደሚያይ ነው ያየችኝ። ከዚያ «ከፈለገ ይሁን» አለች። የልብስ ሣጥኗን ፉርጎ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ዕቃዋ ብዙ አልነበረም።

እናቴ እንደተናገረችው ሌላ ሚስት ዳረችኝ። አዲሷ ሚስቴም ሁለት ዓመት ሞላት፣ ቤቱ እንደ ድሮው ነው። የአስካለን ወንበር ወስዳ ከመቀመጧ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። አሁን እናቴም ጭር አለ ማለቱን ትታለች።

እኔን ወደ አዲስ አበባው መስመር አዛወሩኝ። አንድ ቀን ሞጆ ላይ ባቡሩ ውኃ ሲሞላ አስካለን አየኋት። ዓመት ያለፈው ልጅ አዝላለች። ወፍራለች፣ ፊቷም በርቷል። ባሏ ከአዳሚ ቱሉ ወገን የሆነ ከብት አርቢ ነው፤ የመጡባቸውን በቅሎዎች ለሚመልሰው ሰው ሊያስረክብ ራቅ ብሎ ሄዷል። ቢሾፍቱ እናቷን ሊጠይቁ ነው። ሰላም ተባባልን። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያልጠየቅሁትን ሁሉ በሁለት ዓመት ዘግይቼ ጠየቅሁ።

«አስካለ፣ ያን ጊዜ እሁድ እሁድ ከዛፉ ሥር የምትቆሚው…»

«የቱ እሁድ?» አለች ግራ ተጋብታ። ከዚያ ትዝ አላት። «እሱማ ክርስትና ያለ ቀን ነው። ውስጥ ከገባሁ ሴቶቹ ሕፃኑን ያስታቅፉኝና ‘ያንቺስ መቼ ነው?’ ይሉኛል። ከዛፉ ሥር ከቆምኩ ግን የሚጠይቀኝ የለም። እዚያ የቆመች ሴት እንዳላረገዘች ይታወቃላ።»

«በጊዜሽስ?»

«ቤቴ እውላለሁ። ራሴን አሞኛል እልህ አልነበር? ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ትለኝ ነበር። ራሷን ባመማት እሁድ ሁሉ ብቻዬን ሄጄ ለእሷ ጤና ለምኜአለሁ። ዓመት ተኩል የቆጠርኩት የሰው ልጅ ክርስትና ነበር። ሕፃናቱ ሲያለቅሱ እየሰማሁ እኮ ነው። ጉዱን ሁሉ፣ ሐኪሙን፣ ዶቃዋን፣ መስመሩን፣ እዚያው ባቡሩ ሥር ቆሜ ነገርኳት።

«እኔ የተጠየፍከኝ መስሎኝ ነበር» አለች ስጨርስ። «እየመጣህ ጀርባህን ትሰጠኝ ነበር፣ ሲነጋ ወደ አዋሽ ትሮጣለህ። መካን ናት ብሎ ተጠየፈኝ አልኩ። ያን በሐዲዱ ጋሪ የመጣህበት ቅዳሜም እውነቴን ነበር።»

«አሁን ገባኝ።»

«አሁን» አለች።

ባሏ ተመለሰ። ቶላ ይባላል፤ ረጅም፣ ፊቱ የሚስቅ ሰው ነው። የምን ሰው እንደሆንኩ አላወቀም፣ እሷም አልተናገረች። የባቡር ሰው መሆኔን አይቶ «አካም ጅርታ» አለኝ፤ ደኅና ነኝ አልኩት። ዕቃቸውን እኔው ተቀብዬ አስገባሁ። እሷ ልትሳፈር ስትል ልጁን ከጀርባዋ አወረደችና፣ ቶላ እጁ በጥቅል ተይዞ ስለነበር፣ እኔ ተቀበልኩት። ወንድ ልጅ ነው። ጆሮዬን ያዘና አልለቅም አለ።

«ለመደህ» አለ ቶላ እየሳቀ። «ልጆች አሉህ?»

አስካለ ዓይኗን ወደ ሐዲዱ መለሰች።

«ገና ነው» አልኩት።

ሳቁን ትቶ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ» አለኝ፤ ፈጣሪ ላንተም ይስጥህ ማለቱ ነው። ከልቡ ነበር የመረቀኝ።

«አሜን» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። አስካለም ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ አሜን አለች። ለእኔ ልጅ ስትለምን ያ የመጀመሪያዋ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።